ቀዩ ደረቅ ልብስ

ባሌ ኤሊሴኦ ማክሰኞ ዕለት ሰርጡ ውስጥ በብርድ ሞተ። የለበሰውን ልብስ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። የምጠግነውም እኔ ነኝ።

ሰው ከንፈር እየመጠጠ ይገባል፣ ይወጣል። ምድጃው እንጨት በልቶ አይጠግብም። በመሀል ባገኘኋት ደቂቃ ነው የማወራው፣ ስለዚህ በአጭሩ።

ኤሊሴኦ ካያክ የምትባለዋን ጠባብ ጀልባ የሚቀዝፍ አስጎብኚ ነበር። ቱሪስት ይዞ ከትንሿ ከተማችን ከፑዌርቶ ናታሌስ ይነሳና የበረዶው ግግር ውሃ ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የአስጎብኚዎቹን ደረቅ ልብስ እጠግናለሁ። ደረቅ የምንለው ከእግር ጣት እስከ አንገት አንድ ወጥ የሆነውን፣ ውሃ የማያስገባውን ልብስ ነው። ሹራብህን እንደለበስክ ትገባበትና ዚፑን ትዘጋለህ። ዚፑ ከተዘጋ ውሃ የሚገባበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው፤ አንገትና ሁለቱ የእጅ አንጓ። እዚያ ላይ እንደ ፊኛ የሳሳ ጎማ አለ፣ ቆዳህ ላይ ልጥፍ የሚል። ነገሩ ሁሉ ያቺ ጎማ ናት። የኛ ውሃ በበጋም አምስት፣ ስድስት ዲግሪ ነው። ጎማዋ ከያዘች ሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ይሳደባል፣ ይወጣል። ካልያዘች ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል ነው።

ለጎማ ሕግ አለኝ። በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል፣ ታልክ ፓውደር ይነሰነስበታል። እሳት አጠገብ አይደርስም። ዚፑ ሰም ይቀባል፤ ጎማው ግን ምንም። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ የፊት ቅባት የለ። ቅባት ያንን ጎማ ይበላዋል። መጀመሪያ ያለሰልሰውና የለበሰው ሰው ደስ ይለዋል። ከዚያ የታኘከ ማስቲካ ያደርገዋል። ልብስ ከክፍሌ ሊወጣ ሲል ጡጫዬን ጎማው ውስጥ አስገብቼ እወጥረውና ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ። ችግር ካለ ብርሃኑ ላይ ይታያል። በዘጠኝ ዓመት ሳላየው የወጣ ልብስ የለም። ማክሰኞ ወጣ።

የኤሊሴኦ አባት ዶን ሮሳሜል ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ኤሊሴኦ አንድ ልጃቸው ነበር። ሃምሳ ዓመት በበግ እርባታ ሲሠሩ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም እኛ ጋ መጡ። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ቤት ሁሌም አንድ ቆርቆሮ ሞራ አለ። የበግ ሞራ ያቀልጣሉ፣ ያጠሉታል፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያስቀምጡታል። ቦቲው ይቀባል፣ ኮርቻው ይቀባል፣ ልጓሙ፣ የመጥረቢያው እጀታ፣ በክረምት የሕፃን ጉንጭ ሳይቀር። ውሃ እንዳይገባበት የፈለግከውን ሞራ ትቀባዋለህ፣ አለቀ። ማንም አያስተምረውም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

የቱሪስቱ ወቅት ሊከፈት ሲል ለቀዩ ልብስ አዲስ ጎማ አደረግኩለት። ኤሊሴኦ ወጥ ቤት ውስጥ ለብሶ ቆመ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«አነቀኝ» አለ።

«ካላነቀህ ያስገባል።»

«እጄስ? ጸጉሬን እየነቀለው እኮ ነው፣ ያስና።»

«ተላጨዋ።»

ዶን ሮሳሜል ማቴያቸውን፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ በቀሰም እየመጠጡ ነበር፤ ትን አላቸው። «እጁን የሚላጭ ወንድ! እኛ በግ ነበር የምንላጨው።»

«አባዬ ደግሞ፣ አንቱ ከማን ወገን ኖት?»

«ከበጉ።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታልኩ ቀሰሩ። «ይሄ ዱቄት እኮ የሕፃን ቂጥ ላይ ነው የሚነሰነሰው፣ ልጄ። ጎማ እንደ ቆዳ ነው፤ ምግብ ይፈልጋል።»

«ጎማ ምንም አይፈልግም፣ ዶን ሮሳሜል። እንዳይነኩብኝ።»

«ምን አልኩ እኔ?»

ለምን እንደማይነካ አልነገርኳቸውም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ማስቲሹ እየደረቀብኝ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። እኔ መቼ ነው የማልቸኩለው?

ከዚያ እህቴ ኦፕራሲዮን ሆነችና ፑንታ አሬናስ ሄጄ አሥር ቀን ቆየሁ። ሰኞ ተመለስኩ። ማክሰኞ ጠዋት ኤሊሴኦ ፒክአፑን አስነስቶ ሲጠብቅ ኋላ ላይ አሮጌውን ልብስ አየሁት፣ ብርቱካናማውን። የአንገቱም የእጁም ጎማ የድሮው ወፍራሙ ዓይነት ነው። አይቀደድም፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ትንሽ ትንሽ ያስገባል። እኔ ባልነበርኩበት አሥር ቀን እሱን ነበር የለበሰው፤ ከመኪናው አውርዶትም አያውቅ።

«ይሄን ወንፊት ነው የምትለብሰው?»

«ጠብ ጠብ ትላለች እንጂ ትመቸኛለች።»

«አዲሱ የተሠራው ለጌጥ ነው?»

«ያስና፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ይቺን ለምጃታለሁ። አትጮህብኝም።»

ብርቱካናማውን ጎትቼ መሬት ላይ ጣልኩት። ክፍሌ ገብቼ ቀዩን ከመስቀያው አንስቼ መኪናው ላይ ወረወርኩት። «ደርቀህ ግባ!» አልኩት። ጥሩምባውን ሁለቴ ነፍቶልኝ ሄደ። ጡጫዬን አላስገባሁም። ወደ መስኮቱ አላዞርኩም። አዲስ ጎማ ነው፣ ማንም አልለበሰውም ብዬ።

የቀረውን ድራጎ ነው የነገረኝ፤ አብሮት የሚሠራው። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ጫማውን እያየ።

ልብሱን ሲለብስ ኤሊሴኦ ደስ ብሎት ነበር አለኝ። «አንቺ ምን እንዳደረግሽው እንጃ፣ ለስልሶልኛል፣ እንደ ቅቤ ገባልኝ ሲል ነበር። በመጨረሻ አዘነችልኝ አለ።»

ንፋሱ ከቀትር በኋላ መጣ። ባልና ሚስት የያዘች ካያክ ተገለበጠች። ድራጎ ሌሎቹን አራቱን ወደ ዳር እየወሰደ ስለነበር ኤሊሴኦ ብቻውን ሄደ። ሴትየዋ ደንግጣ እጁን ጨመደደችው፤ እሱም ተገለበጠ። ግን ካያካቸውን ቀና አድርጎ ሁለቱንም መልሶ አስገባቸው። የሱን ካያክ ንፋሱ ወሰደው። የነሱን ጫፍ ይዞ ውሃው ውስጥ ቀረ። ደረቅ የለበሰ ሰው እንደዚያ ቢቆይ ምንም አይደለም። ሃምሳ ደቂቃ ቆየ።

«መጀመሪያ ይጮህልኝ ነበር» አለ ድራጎ። «‹ድራጎ፣ ና እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!› ይለኝ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ስደርስ ላነሳው አልቻልኩም። የልብሱ እግር ውስጥ ያለው ውሃ... እንደ ጆንያ ነበር፣ ያስና። ቁርጭምጭሚቱ ጋ በቢላ ቀደድኩት። ቢፈስ ቢፈስ አያልቅም።»

«ከየት ነው የገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ አይደለሽ የምታውቂው?»

ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ተናገረው።

አርብ ቀበርነው። ቅዳሜ ድራጎ ልብሱን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል አመጣው። ሰኞ ሳጅን ኦያርሱን ከወደቡ መጥቶ ለምርመራ ይወስደዋል፣ እስከዚያ አንቺ ጋ ይሁን አለኝ። ጎረቤቶች ወጥ ቤት ሆነው ሊጥ ይጠብሳሉ፣ ስለ ዋጋ ያወራሉ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የቀኙን እጅ ጎማ ያዝኩት። ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ስስበው ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልተመለሰም። አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ነበረበት፤ ሴትየዋ የጨመደደችበት ይመስለኛል። የግራው እስከ ስፌቱ ተተርትሯል። አሸተትኩት። ከዚያ ሁሉ የባህር ውሃ በኋላ በግ በግ ይሸታል።

ቀና አልኩ። እህቴ ጋ ከመሄዴ በፊት ለሚቀጥለው ሳምንት ቡድን ያዘጋጀኋቸው አሥር ልብሶች በተርታ ተሰቅለዋል። አንገታቸውም እጃቸውም ያብረቀርቃል። የመጀመሪያውን በጡጫዬ ወጠርኩት፤ ተቀደደ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ተውኩት።

መደርደሪያው ላይ፣ ከማስቲሼ ጎን፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረ። ውስጡ ነጩ ሞራ ላይ የጣት መንገድ። ጠምዘዝ ያለ ጣት ነው፤ የዶን ሮሳሜልን አውራ ጣት ድሮ በግ መላጫው ሰብሮታል።

ወጥ ቤት ተመለስኩ። ጎረቤቶቹ ሄደዋል። ዶን ሮሳሜል ምድጃው ጎን እንደተቀመጡ ነበር። የቀብሩን ሸሚዝ ገና አልቀየሩም።

«አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«እጁ ይዟል አይደል?»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ።

«አንገቱም እጁም ይዟል። እኔ አውቃለሁ። አንቺ ሳትኖሪ ጥሩ አድርጌ ነው የቀባሁት» አሉ። «እንዳትቆጪኝ። ልጁ ጸጉሬን ነቀለኝ ሲል ሰምቼ ነው። እንዴት እንደለሰለሰ አይተሻል? ያን ያህል ለስልሶ ውሃ አያሳልፍም። ከዚፑ ነው የገባው።»

«ይዟል» አልኩ። «እጁ ይዟል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። «ያቺን እንኳን አደረግኩለት» አሉ። «ብረት አላምንም። ዚፕ የሚባል ነገር ከመጣ ጀምሮ ሰው ሱሪውም አይዘጋ። ለፋብሪካው መጻፍ አለብሽ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

እሑድ ሙሉ ቀን የዚፑን ደብዳቤ ሲነግሩኝ ዋሉ። ጻፍኩ። ምን ላድርግ? «ክቡራን ሆይ» ብለው ጀመሩና «ክቡራን የሚለውን ሰርዢው፤ አይገባቸውም» አሉኝ። እየጻፍኩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። እኚህ ሰውዬ ማወቅ የለባቸውም። ልጃቸውን ቀብረዋል፤ ሚስታቸውን ከዚያ በፊት። የቀረቻቸው ያቺ በአውራ ጣት የተቀባች ሞራ ናት። ሰኞ ሳጅኑ ሲመጣ እኔ ነኝ የቀባሁት እላለሁ። ሥራዬ ይሂድ፤ ከንግዲህ ማን ልብስ ሊሰጠኝ? ደግሞም ውሸት አይደለም። ሳላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኦያርሱን ሰኞ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ከኤሊሴኦ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት። ባርኔጣውን አውልቆ ዶን ሮሳሜልን አቀፋቸው፣ ማቴ ጠጣ። ከዚያ ልብሱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ክፍሌ ልወስደው ፈልጌ ነበር፤ ዶን ሮሳሜል «እዚሁ! እኔም ላየው እፈልጋለሁ» አሉ። ዓይናቸው ከክንድ በላይ አያይም። ቢሆንም ወንበራቸውን አስጠጉ።

ኦያርሱን ጎማውን ነካው። ጣቱን ከጣቱ ጋር አሸ። አሸተተው።

«ያስና፣ ምንድነው ይሄ?»

«ሞራ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«አንቺ?»

«ጎማው የደረቀ መስሎኝ። ተሳሳትኩ። ጻፈው።»

«አምና ፀሐይ መከላከያ ተቀብቼ ክፍልሽ ብገባ በመጥረጊያ እንጨት አላባረርሽኝም?»

«ሰው ይሳሳታል፣ ኦያርሱን። ጻፍ አልኩህ እኮ።»

እስክሪብቶውን ከፈተ። ጎንበስ አለ።

«ውሸቷን ነው» አሉ ዶን ሮሳሜል።

«ዶን ሮሳሜል፣ ይተዉን...»

«ውሸቷን ነው! ሞራ እንዴት እንደሚቀልጥ አታውቅም ይቺ። አንድ ቀን ቦቲ ቀብታ ታውቃለች? ጠይቃት!» ተቆጥተዋል። «የሰው ሥራ የራሷ ታደርጋለች እንዴ? እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ሳጅን። ሁለት ጊዜ። ከውስጥም ከውጭም፣ በአውራ ጣቴ። እዚህ ምድጃው ጋ አምጥቼ አሙቄዋለሁ፣ ሞራውን እንዲጠጣ። እሷ በሕፃን ዱቄት ታደርቀዋለች እንጂ ምን ታውቃለች? ልጄ በመጨረሻ ቀኑ እጁ አልተላጠም። እሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ።»

የኦያርሱን እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የሱም አባት በግ ጠባቂ ነበሩ። የሱም ቤት ቆርቆሮው አለ። እኔን አየኝ። ያወቀ ሰው ፊት ነበር።

«ስንቱን ነው የቀቡት፣ ዶን ሮሳሜል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁሉንም ነዋ! ምን መሰልኩህ፣ ለልጄ ብቻ የማዳላ?»

ኦያርሱን መጻፍ አልቻለም። እጁ እዚያው ነው። አየሁት፤ አትጻፈው ብዬው ቢሆን ኖሮ አይጽፈውም ነበር፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ግን በዚህ ከተማ ስንት ቤት ቆርቆሮ አለ? የድራጎ አማት ቤት አለ። ድራጎ ረቡዕ ውሃ ላይ ይወጣል። ልብሱን ከምድጃው በላይ ነው የሚሰቅለው፣ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ።

«ጻፈው» አልኩ። «እንዳሉት ጻፈው።»

ጻፈ። ሦስት መስመር ነበር።

ከዚያ ቀዩንም አሥሩንም ልብሶች ወደ መኪናው አወጣን። ዶን ሮሳሜል በሩን ያዙልን። «ዚፑን እንዳታጥፈው፣ አንተ ልጅ! በስፋቱ አስተኛው!» ይላሉ። ቁጣቸው ወጥቶላቸዋል፤ ሥራቸው ተጽፎላቸዋል። ኦያርሱን ሊሰናበታቸው እጃቸውን ያዘና አልለቅም አለ።

«ምን ሆነ ይሄ፣ እጄን ይዞት ሊሄድ ነው እንዴ?» አሉኝ።

መኪናው ጋ፣ ሳያየኝ፣ «ረቡዕ ጠዋት ለአስጎብኚዎቹ ሁሉ ይነበባል» አለ። «በሬዲዮም ይነገር ይሆናል፣ ሌላ ሰው እንዳይቀባ። ስም አይጠራም። ግን...»

«ግን ናታሌስ ነው» አልኩት።

«ናታሌስ ነው።»

ሄደ። ገባሁ። ዶን ሮሳሜል ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል፣ አዲስ ማቴ ቀድተዋል።

«እና ምን ብሎ ጻፈ?» አሉኝ። «ስለ ዚፑ አነሳ?»

አዎ ብል ያምኑኝ ነበር። እስከ ረቡዕ። ረቡዕ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ አንዱ ትከሻቸውን ይዞ «አይዞዎት፣ አባባ፣ አያውቁም ነበር» ይላቸዋል።

ሬዲዮውን አጠፋሁ። ማቴውን ከእጃቸው ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው።